የተጻፈልን የለም፣ የተጻፈብን ግን አለ

ኦስሎ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ታቢታ፣
አዋሳ

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ በደህና አለፈልዎት? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ በቸሩ አምላክ ጥበቃ ደህና ነኝ። እዚህ ገና በጥቅምት ብርዱ ጀምሮናል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የአፍሪካን የሕንፃ ጥበብ የሚመለከት ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያ እየተዘጋጀ ነው፤ እኔም ከረዳት አዘጋጆቹ አንዱ ሆኛለሁ። የአገራችን ክፍል ሲደርሰኝ የተያዙት ስሞች ሁሉ የአዲስ አበባና የአስመራ ናቸው፤ አብዛኞቹም የፈረንጅ ናቸው። «በአዋሳስ ደረሰና ታቢታ የሚባል የሕንፃ ጥናት ቢሮ አለ» አልኩ። ዋና አዘጋጃችን ወይዘሮ ቶሪል «እንዴት አወቅኸው?» ብለው ጠየቁኝ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ከባለቤቱ ጋር ያቋቋመው መሆኑን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስለዚህ ይግባ አይግባ ብዬ የምፈርደው እኔ አይደለሁም። ዘመድ ስለሆንኩ ፍርዱ ለሌሎች ተሰጥቷል፤ እኔ ማስረጃ አሰባሳቢ ብቻ ነኝ።

ደንቡ ጥብቅ ነው። አንድ ድርጅት በመጽሐፉ ለመግባት እውቅና ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የቢሮውን እውቅና የሚያረጋግጥ ነገር ቢልኩልኝ ታላቅ ውለታ ነው። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ፣ ገንዘብም ቢሆን፣ ያለ ይሉኝታ ይጻፉልኝ።

የቤቱን ሰው ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
በኃይሉ


አዋሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለበኃይሉ፣

ጌታ በወጣህ በገባህበት ሁሉ ይጠብቅህ። አዲሱን ሥራህንም ይባርክልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። የቤቱን ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ ብለሃል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ እኔው ነኝና ሰላምታህን ለራሴ አድርሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከበኃይሉ በፊት ለምታነበው ወንድሜም ሰላም ብያለሁ። ያለፈውን ስትከፍተው ጫፉን ቀደኸዋል። ይሄኛውን ቀስ ብለህ ክፈተውና ስትጨርስ በደንብ ለጥፈው፤ ሙጫ ካጠረህ ከኔ ቤት ውሰድ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ምነው በኃይሉ፣ ለአጎትህ ቤት ያላደላህ ለማን ልታደላ ኖሯል? ደግሞ አፍ አውጥተህ ዘመዴ ናቸው ብለህ ተናገርክ! ይሁን፣ እውነት መናገርህ ደግ ነው። ግን ተናድጃለሁ፤ መናደዴን እወቅልኝ።

እውቅና ስትል እኔ የመንግሥት እውቅና ነው የመሰለኝ። የሥራ ፈቃዳችን በ1969 እንደተነጠቀ ታውቃለህ። ቢሆንም ድሮ ፈቃድ እንደነበረን ይጻፉልኝ ብዬ መሃል ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ልጅ ፋይል አገላብጦ፣

«እናቴ፣ እንዲህ ያለ ድርጅት በእኛ ዘንድ አይታወቅም» አለኝ።

«አይታወቅም? ይሄን የተቀመጥክበትን ቤት ማን ነደፈው?»

«መንግሥት ነዋ!»

«መንግሥት እርሳስ ይዞ አጎንብሶ አይተኸዋል?»

ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፅሽን ቀንሺ አለኝ። ቅድም እናቴ ነበርኩ፣ አሁን አንቺ ሆንኩ። አልቀነስኩም። «እንግዲያው አለመታወቃችንን በጽሑፍ ስጠኝ» አልኩት። ሊገላገለኝ ብሎ ሰጠኝ። «ደረሰና ታቢታ የተባለ የሕንፃ ጥናት ቢሮ በመሥሪያ ቤታችን የማይታወቅ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ይኸው አያይዤዋለሁ። ማኅተሙ ቁልጭ ያለ ነው፤ ለፈራጆችህ አሳያቸው።

ገንዘብ አልፈልግም። ቀጭን ጫፍ ያለው የንድፍ ብዕር ብታገኝ ግን አልጠላም። እኔ ተቀጥሬ በምነድፍበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው ብዕር የሰው ቤት በር ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ነው የሚመስለው።

እግርህን ከበረዶው ጠብቅ። ጌታ ካንተ ጋር ይሁን።

ታቢታ


ኦስሎ፣ የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ታቢታ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። ደብዳቤዎ በጣም ዘግይቶ፣ ነገር ግን በሚገባ ተለጥፎ ደርሶኛል። አራት ብዕሮች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እውቅና ያልኩት ፈቃድ ማለቴ አልነበረም። እዚህ የሚጠይቁት «ይህን ድርጅት ሌላ ሰው አውቆታል ወይ?» ብለው ነው። ቢሮው የራሱን ሥራ ቢያወድስ አይቆጠርም። ደንበኛው ቢያመሰግን አይቆጠርም። የማይዛመዳችሁ፣ ያልከፈላችሁት ሰው ስለ ሥራችሁ በሰፊው የጻፈውና የታተመ ነገር ነው የሚፈለገው። ሕንፃው ቆሞ መታየቱ ብቻ አይበቃም። ይህን ስጽፍልዎ አፍራለሁ፤ ደንቡ ግን እንዲህ ነው።

የላኩትን ማኅተም ያለበት ወረቀት ለወይዘሮ ቶሪል ስተረጉምላቸው ደጋግመው አዩት። «የማያውቁትን ድርጅት ስም እንዴት እንዲህ አስተካክለው ጻፉት?» አሉ። ሆኖም ለማስረጃነት አልተቀበሉትም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ። በጋዜጣም ሆነ በመጽሔት የተጻፈላችሁ ነገር አለ? ከሌለም አይጨነቁ፤ ነገሩ ቢቀርስ ምን ይጎዳል? እባክዎን ወደ መሥሪያ ቤቶች አይመላለሱ። የእርስዎ ጤንነት ከመጽሐፉ ይበልጥብኛል።

አክባሪዎ፣
በኃይሉ


አዋሳ፣ መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለበኃይሉ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልህ። ብዕሮቹ ደርሰውኛል፤ እጅህ ይባረክ። ከአራቱ አንዱ ጎድሏል። አንባቢው ወንድሜ፣ ልጅህ ሥዕል የሚወድ ከሆነ ምርቃቴ ነው፤ ካልሆነ ግን መልስልኝ።

የተጻፈልን አለ ወይ ብለሃል። የተጻፈልን የለም። የተጻፈብን ግን አለ!

ደብዳቤህን እያነበብኩ ሳለሁ ነው ብልጭ ያለልኝ። እንዴ! የማይታወቅ ድርጅት ከሆንን በ1968 ያ ሁሉ ስድብ የወረደው በማን ላይ ነበር? ያን ጊዜ እዚህ የሚታተም መጽሔት ነበር፤ ብዙም አልቆየም። እሱ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ነው የተጻፈብን። ዕለቱኑ ተነሥቼ ወደ ከተማው የሕዝብ ንባብ ቤት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራውን ወይዘሮ ፈትያን ከድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የታተመ ነገር አይጣልም የምትል ሴት ናት። «ያን የተሰደብንበትን መጽሔት ፈልጊልኝ» ስላት በሳቅ ፈነዳች። «ሰው የተመሰገነበትን ነው የሚፈልገው» አለችኝ። ሁለት ቅጂ ኖሯት አንዱን ሰጠችኝ።

በኃይሉ፣ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «ደረሰና ታቢታ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ፣ ሰፊው ሕዝብ ልሙጥና ዘመናዊ ግድግዳ ሲጠብቅ፣ አርማታውን በተሰነጠቀ ቀርከሃ መካከል እያፈሰሰ የሲዳማን ጎጆ ሽመና አትሞበት ያስረክባል። በጤና ጣቢያው፣ በመናኸሪያው የመንገደኞች ማረፊያና በእህል ገበያው አዳራሽ ይኸው አድኃሪ ጥበብ በግልጽ ይታያል።» ከዚያም ቡርዧ ይለናል፤ ገጹን ስትገልጥ ደግሞ ጎጠኛ ይለናል። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሆንን እሱ ይወቅ።

ግን ሰውዬውን ላመስግነው። ሠርቷል! እያንዳንዱን ቤት ሄዶ አይቷል። በረንዳውን በእርምጃ ለክቷል። ዝናቡ ከጣራው ወዴት እንደሚወርድ፣ ገበያተኛው ከዝናብ ለመሸሽ የት እንደሚቆም ጽፏል። ሊከሰን ብሎ ያየንን ያህል ሊያመሰግነን የመጣ ወዳጅ አይቶን አያውቅም። ማረፊያውን ሲገልጽማ «መንገደኛው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ የአባቱን ቤት ያስታውሳል» ብሎ ወቅሶናል። ወቀሳ ነው ይሄ? ለዚህ ብለን አይደል እንዴ የለፋነው!

ዘመዴ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ክጄው ነበር። አልከፈልነውም፤ ከፈልንበት እንጂ። ታትሟል። በሰፊው ነው። ፈራጆችህ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ያኔ መጽሔቱ እንደወጣ እኔና አጎትህ አንድ ላይ ነበር ያነበብነው። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰምተሃል፤ ሌላም የሚያነብ ስላለ አልደግመውም።

አንባቢው ወንድሜ፣ መጽሔቱን በፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ። የአብዮቱ ጽሑፍ ነው፤ ይለፍ የሚል ማኅተም አለበት። ብታስቀረው የምታስቀረው የራሳችሁን ነው።

ፈጣሪ ብርታት ይስጥህ፤ የሚያስፈልግህ ይመስለኛል።

ታቢታ


ኦስሎ፣ ሰኔ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ታቢታ፣

እንደምን አሉልኝ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። መጽሔቱ ገጽ ሳይጎድለው ደርሷል። ሌት ተቀን ብዬ ሦስቱንም ገጽ ተረጎምኩት።

በስብሰባው ላይ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። አንደኛው ባልደረባችን «ይህ ውግዘት ነው፤ ስለ አንድ ቢሮ ከጠላቱ ተነሥተን እንዴት እንጽፋለን?» አለ። ወይዘሮ ቶሪል ግን «እኛ የጠየቅነው ተመሰገኑ ወይ ብለን ሳይሆን ሌላ ሰው ከቁም ነገር ቆጥሮ ጻፈባቸው ወይ ብለን ነው። ጠላት ለውለታ ብሎ አይጽፍም። ደግሞ እስቲ ስለ ግድግዳው ያለውን አንብቡት» አሉ። እየተዘዋወረ ተነበበ። ውሳኔው ከዚህ አገር የበጋ ዕረፍት በኋላ ይሰጣል፤ ወደ እኛ ያጋደለ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ኤምባሲም ይደርሳል። የሚያነብ አይጠፋም። እርስዎ ዛሬም የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሕንፃዎቹን በሙሉ እንጻፍ፣ የቀርከሃውን አሠራር እንጻፍ፤ የመሥራቾቹን ስም ግን ለጊዜው ትተን «አንድ የአዋሳ የሕንፃ ጥናት ቢሮ» ብንል ምን ይመስልዎታል? ሥራው እስከታወቀ ድረስ ስሙ ቢቆይ አይጎዳም ብዬ ነው።

ገንዘብ ልላክ? እባክዎን እምቢ አይበሉኝ።

አክባሪዎ፣
በኃይሉ


አዋሳ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

በኃይሉ፣

ጤና ይስጥህ።

ስማችንን ትተህ ምናችንን ልታስገባ ነው? በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ በመናኸሪያ በኩል ነው የማልፈው። ማረፊያው በር ላይ ስማችን የተቀረጸበት ድንጋይ ነበር፤ ነቅለው በቦታው ሌላ ለጥፈዋል። «በሰፊው ሕዝብ ጥረት ተሠራ» ይላል። ሕዝቡ ለፍቷል፣ አልክድም፤ ድንጋይ ተሸክሟል፣ ቀርከሃ ሰንጥቋል። ግን እነዚያ መስመሮች ከማን እጅ ወጡ? እነሱ እዚህ አንድ ጊዜ ነቀሉን። አንተ ደግሞ ኦስሎ ተቀምጠህ ሁለተኛ ልትነቅለን? ኧረ ተው! ኧረ እፈር!

ለእኔ ፈርተህ እንደሆነ አትፍራልኝ። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፤ ያባርሩኝ። እኔን ለማስፈራራት የሚሆናቸውን ነገር ቀድመው ወስደውታል። የቀረኝ ጉልበቴ ነው፤ እሱንም ቢወስዱልኝ ባመሰገንኩ።

አንባቢው ወንድሜ፣ ይሄን አስምርበት። በቀይ ይሁንልህ።

ስሙ «ደረሰና ታቢታ» ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ። ቢሮውን ስንከፍት እሱ «ያንቺ ስም ይቅደም፣ እጅሽ ከኔ ይሻላል» ብሎ አስቸገረ። እኔ ያንተ ይቅደም አልኩ። በመጨረሻ ዕጣ አወጣን፤ የእሱ ወጣ። ግማሽ ቀን አኮረፈኝ። እንግዲህ በዚያ ዓይነት ጠብ የወጣ ስም ነው አንተ «ለጊዜው እንተወው» የምትለው።

ወይ ከነስማችን፣ ወይ ጨርሶ አይሁን። «አንድ የአዋሳ ቢሮ» ብለህ ብትጽፍ፣ እንዲህ ያለ ድርጅት አይታወቅም ብዬ እኔው እጽፍባችኋለሁ። አጻጻፉን ተምሬዋለሁ፤ ማኅተም ብቻ ነው የሚጎድለኝ።

ገንዘብህን ተወው። ካፖርት ግዛበት።

ታቢታ


ኦስሎ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ታቢታ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ለሥራ ወደዚያ የምትመጣው ሲስተር ፀሐይ በእጅዎ ትሰጥዎታለች፤ የታመነች ናት። መልስዎንም ስትመለስ ታመጣልኛለች።

ገብቷል! ከነስማችሁ ገብቷል፤ ቅደም ተከተሉም አልተዛባም። ያ የተከራከረው ባልደረባችን ሳይቀር እጁን አወጣ። የእርስዎን የሐምሌ ደብዳቤ እኔ ተርጉሜ አላነበብኩላቸውም፤ ግን «ከነስሙ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ» ስላቸው ወይዘሮ ቶሪል «ታዲያ ሌላ እንዴት ይሆናል?» አሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ የፈራሁት።

ረቂቁ እንዲህ ይነበባል፦ «ደረሰና ታቢታ። በአዋሳ፣ ኢትዮጵያ፣ የነበረ የሕንፃ ጥናት ቢሮ። በቀርከሃ ሽመና የታተመ አርማታን በሕዝብ ሕንፃዎች ላይ በመጠቀም ይታወቃል።» ከዚያ ሦስቱ ሕንፃዎች ይዘረዘራሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህንን ለመጻፍ ብዕር አንሥቼ ደጋግሜ አስቀምጫለሁ። በመጽሐፉ ደንብ ከእያንዳንዱ መሥራች ስም አጠገብ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ይጻፋል። በሕይወት ላለ የልደቱ ብቻ። ወይዘሮ ቶሪል የጋሼ ደረሰን ሲጠይቁኝ እርስዎን ሳልጠይቅ አልናገርም አልኳቸው። እናቴ በ1970 ክረምት ቤቷን ዘግታ ለቅሶ ተቀምጣለች፤ ዘመድ ሁሉ የሚለው ያንኑ ዓመት ነው። እርስዎ ግን ጥቁር እንዳልለበሱ ሰምቻለሁ።

እትዬ፣ በ1970 ብዬ ልጻፍ? ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው ይህን ብቻ ነው። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ልጅዎ፣
በኃይሉ


አዋሳ፣ ኅዳር 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለበኃይሉ፣

እልል! እንኳን ደስ አለን! ሲስተር ፀሐይ ደብዳቤህን ስትሰጠኝ እዚያው በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ንባብ ቤት ሄጄ ለፈትያ ነገርኳት፤ ተቃቅፈን ሳቅን። «ያ ሰውዬ ሳያውቀው ውለታ ዋለላችሁ» አለችኝ። ባለፈው ፈሪ ብዬህ ከሆነ ተነሥቶልሃል። ጌታ ዘርህን ይባርክ።

ዛሬ ሦስተኛ አንባቢ ስለሌለን እንደ ልቤ እጽፍልሃለሁ።

በመጀመሪያ፣ «የነበረ» የሚለውን ሰርዝ። ማን ዘጋው? ፈቃዱን ወሰዱ እንጂ እኔን አልዘጉኝም። ቀን ለመንግሥት እነድፋለሁ፤ ማታ ቤቴ ውስጥ በላክልኝ ብዕር ለራሳችን እነድፋለሁ። ማንም አያሠራውም፤ ግን ንድፍ ነው። «ያለ» በል።

ስለ እሱ። በ1970 የካቲት ውስጥ ነው የመጡት። ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል አሉኝ። የእህል ገበያውን ጣራ ሊያስተካክል ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ተወጥሮ ነበር። «እንዳትነኪብኝ፣ መስመሩ አልደረቀም» ብሎኝ ወጣ። ስንቅ እያመላለስኩ ከረምኩ፤ ይቀበሉኝ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳህኑን መለሰልኝና «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ለምን ስለው ፊቱን አዞረ። ሰዉ ሁሉ አታምጪ ማለት ሞቷል ማለት ነው አለኝ። እናትህም ይህን ሰምታ ነው ለቅሶ የተቀመጠችው፤ አልፈርድባትም፣ ወንድሟ ያህል ነበር። እኔ ግን አማርኛ አውቃለሁ። አታምጪ ማለት አታምጪ ማለት ነው። ሞተ ያለኝ የለም። ሬሳ አላየሁም፣ አላሳዩኝም። የት እንደቀበሩትም ሆነ የት እንዳሰሩት የነገረኝ የለም። ሄጄ እጠይቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ አይታወቅም ይሉኛል።

ታዲያ በኃይሉ፣ እነሱ በቃላቸው ለማለት የፈሩትን እኔ በመጽሐፍ ላይ ልጽፍላቸው? አንተ ኦስሎ ላይ በአንድ ቁጥር ገድለኸው ነገሩ ይለቅላቸው? አላደርገውም። እንዳታደርገው። ይኑር ይሙት እኔም አላውቅም፤ ሲመሽ አለ እላለሁ፣ ሲነጋ የለም እላለሁ። እንደዚህ ነው የምኖረው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እንዲህ ብለህ ጻፍ። የእኔን 1930፤ በዚህ አቁም። የእሱን 1926 በልና ሰረዝ አድርግ። ከሰረዙ በኋላ ምንም አትጻፍ፤ ጥያቄ ምልክትም አታስገባ። ማተሚያ ቤቱ ጎደለ ብሎ ሊሞላው ቢል እጁን ያዝልኝ። ወይዘሮ ቶሪል ለምን ክፍት ሆነ ካሉ፣ ወስዶ ያልመለሰ መንግሥት አለ፤ ዓመቱን የሚያውቀው እሱ ነው በላቸው።

እሱ ይሙላው።

ታቢታ
ደረሰና ታቢታ፣ የሕንፃ ጥናት ቢሮ
አዋሳ